ለተገዛ ተጫዋች የነበረን ምልክት

በብርዱ ወራት ቡድናችን ሰው ገዛ። ጋዜጣው «አስፈረመ» ይላል፤ እኔ ግን ገዛ ነው የምለው። ውሉ ያለቀበትና ወደ ፈለገው ከተማ መሄድ የሚችል የቤዝቦል ተጫዋች እዚህ ፍሪ ኤጀንት ይባላል፤ ገበያ ይወጣል፣ ከተሞች ይጫረቱበታል፣ በመጨረሻ አንዱ ይወስደዋል። ዘንድሮ የወሰድነው እኛ ነን። የገንዘቡን ዜሮዎች ሳይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና መልሼ አደረግሁ፤ ዜሮዎቹ አልቀነሱም። ለእሱ ቦታ እንዲለቅ ደግሞ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እኛው ዘንድ ያደገው የሦስተኛ ቤዝ፣ ማለት የሦስተኛው የሩጫ ማረፊያ፣ ተጫዋች ወደ ሌላ ከተማ ተሸኘ። ያን ልጅ ኳስ ሲስት፣ ጢም ሲያበቅል፣ ጉልበቱን በፋሻ አስሮ ሲሮጥ ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። እሱ አያውቀኝም፤ እኔ ግን አኮረፍኩለት። ብቻውን የሚኖር ሰው ኩርፊያ አንድ ችግር አለበት፤ ምን ሆነሽ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የጨዋታው ወቅት ሲከፈት ግን ስታዲየም ሄድኩ። የምቀመጠው ላይኛው ፎቅ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፤ ርካሽ ስለሆነም፣ ከኋላዬ ሰው ስለማይኖርም። ያ የማያቆመው ካፊያ ስለነበር ጣራው ተዘግቷል። አዲሱ ሰውዬ በሦስተኛው ተራው ኳሷን መታት። ገና ድምፁን ስሰማ አወቅሁ፤ በደንብ የተመታች ኳስ ድምፅዋ ደረቅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ነው። አጥሩን ተሻግራ ወጣች። ሰው ሁሉ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። ልቤ ገና «ይሄ እኮ በገንዘብ የመጣ ነው» እያለ እጄ ቀድሞ ያጨበጭባል። ከተቀመጥኩ በኋላ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየኋቸው። ይህንኑ ለመናገር ወደ ጎኔ ዞር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ለማን ልናገር እንደዞርኩ ግን አወቅሁ፤ ለጋሽ ይልማ ነው። ካየኋቸው ሃያ ዓመት አልፎኛል።

ጋሽ ይልማና እኔ አብረን የሠራነው እዚሁ ስታዲየሙ ያለበት፣ ሶዶ በሚሉት የመጋዘን ሰፈር (የአገር ቤቱ ሶዶ አይደለም)፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በነበረ የመኪና ማቆሚያ ነው። ያኔ በጨዋታ ቀን መኪና ማቆም አሥር ዶላር ነበር፤ የተፎካካሪ ቡድን ከመጣ አሥራ አምስት። ሰዎች አሥራ አምስት ስንላቸው መስኮት ዝቅ አድርገው ይቆጡን ነበር፤ ዛሬ አርባና ሃምሳ ሲከፍሉ ስልካቸውን ብቻ ነክተው ዝም ብለው ያልፋሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ መጋዘኑ ጥግ ላይ፣ በበርሜል ላይ ሽንኩርትና ቋሊማ የሚጠብስ ሰው ነበር። የሽንኩርቱ ሽታ ሹራቤ ውስጥ ይገባና እስከ ማግስቱ ክፍል ድረስ አብሮኝ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ተማሪ ነበርኩ። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ አገር ቤት ከስድስተኛ ክፍል የተቋረጠውን ትምህርት ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጋር ተቀምጬ እጨርስ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አፍንጫዋን ሰብስባ «ሃት ዶግ ይሸታል» አለች። እኔም እንደ ሌሎቹ ዘወር ዘወር ብዬ ፈለግሁ።

ጋሽ ይልማ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጡኛል። አገር ቤት መሬት ቀያሽ ነበሩ። ድርጅቱ የሰጠንን ብርቱካንማ ሰደርያ እኔ እንደ ነገሩ ጣል አደርገዋለሁ፤ እሳቸው ግን ከሥሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ክራቫት ያስራሉ። ሾፌሮች ሲያዩአቸው ባለቤቱ ይመስሏቸው ነበር። ባለቤቱ ግን ሳምንት ሳምንት በአሮጌ ፒክአፕ የሚመጣ፣ ጫማው የተቀደደ ሽማግሌ ነበር። «እናንተ ሁለታችሁ እስካላችሁ ድረስ» ይለን ነበር፣ «እዚህ ማሽን አላቆምም።» ያኔ ገንዘብ የሚቀበለው ማሽን በየማቆሚያው መምጣት ጀምሮ ነበር።

ክፍያ የምንቀበልባት የመስታወት ቤት አንድ ወንበር፣ አንድ ማሞቂያና አንድ ሬዲዮ ትይዛለች፤ ሁለተኛ ወንበር ቢገባ በሩ አይዘጋም። አንዳችን ውስጥ ተቀምጠን እንቀበላለን፣ አንዳችን ውጭ ቆመን መኪና እናስገባለን። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ መኪና አይመጣም፤ መስኮት የሚሰብር ሌባ እንዳይኖር ግን አንድ ሰው ውጭ መቆም አለበት። ስለዚህ በሬዲዮ ጨዋታውን የሚሰማው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር አለው፤ በየዙሩ እንቀያየራለን። ውስጥ ያለው የሰማውን በመስታወቱ በኩል ውጭ ላለው በእጁ ይነግረዋል። ይህን ያመጡት ጋሽ ይልማ ናቸው። ቀያሽ ባንድ ኮረብታ፣ ዘንግ የሚይዘው ሰው በሌላው ኮረብታ ቆመው ቀኑን ሙሉ በእጅ እንደሚነጋገሩ ነግረውኛል። «ሚስቴ እንኳን የእሱን ያህል አልገባችኝም» ይሉ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።

አንድ ጣት ወደ ላይ፣ መታ። ክንድ ማጠፍ፣ ወጣ፣ ማለት መቺው ሳይሳካለት ከሜዳ ተሰናበተ። ሁለት እጅ ማሽከርከር፣ ሦስት ሰው ወጥቶ ዙሩ አለቀ፣ እንቀያየር። ኳሷ አጥር ተሻግራ ከወጣች፣ ማለት ሆም ራን ከሆነ፣ ኮፍያ ማውለቅ። የእኛ ከሆነ መዳፍ ደረት ላይ፣ የእነሱ ከሆነ አውራ ጣት በትከሻ ወደ ኋላ። ውጭ ያለው ማን እንደመታ ለመጠየቅ አገጩን ቀና ያደርጋል። ውስጥ ያለው ደግሞ ሁሉንም በሰማያዊ ደብተር ይጽፋል። ደብተሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ በማስመሪያ፣ ለእያንዳንዱ መቺ አንድ ሳጥን።

ከሐዲዱ ቅርበት የተነሳ የጭነት ባቡር ሲያልፍ ሬዲዮው አይሰማም። አንዳንዱ ባቡር መቶ ፉርጎ ይጎትታል፤ እሱ እስኪያልፍ ሁለት ሦስት ሰው መትቶ ይወርዳል። እኔ ያን ጊዜ ሳጥኖቹ ላይ «ባቡር» ብዬ እጽፋለሁ። ጋሽ ይልማ ይህ ያናድዳቸዋል።

«እመቤት፣ አንዱ ቤዝ ላይ ቆሞ ካገኘሽው መትቶ ነው የደረሰው። ገምቺና ሙዪው።»

«ሳይመታ በነፃ አልፎ ቢሆንስ፣ ጋሼ? ያልሰማሁትን አልጽፍም።»

«ይሄን ደብተር ማን ሊመረምረው ነው?»

«ማንም። ስለዚህ እኔው ልጠንቀቅ እንጂ።»

«አይ፣ ለዳኝነት የተፈጠርሽ፣ ሰደርያ ለብሰሽ ቀረሽ» ብለው ይስቃሉ።

የዚያን ዘመን የቡድናችን ትልቅ ተጫዋች፣ ገና ለጋ ሆኖ የመጣልን ልጅ፣ ውሉ ሲያልቅ ለሌላ ከተማ ፈረመ። ስሙን አልጽፍም፤ ያኔም ደብተሩ ላይ አልጽፈውም ነበር። ፊርማው የተሰማው ጨዋታ በሌለበት ወር፣ አሽከርካሪ በማይበዛበት ቀን ነው። ጋሽ ይልማ መስኮቱን ከውጭ ከፈቱት።

«ስንት ነው ያሉት?»

ነገርኳቸው።

«በዓመት?»

«በጠቅላላው። ግን ጋሼ፣ እንዴትም ቢሆን ነውር ነው።»

«ነውሩ የማን ነው? የሰጪው ነው የተቀባዩ?»

«የሁለቱም።»

«እሱንም አካፈልሽው።» ከእጃቸው ላይ ዝናቡን አራገፉ። «ይሄ ልጅ ጉልበቱ ስንት ዓመት ይሸከመዋል ብለሽ ነው? እኔ መሣሪያ ተሸክሜ ስንት ዳገት ወጥቻለሁ። አንድም ሰው ና ልጨምርልህ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ እሄድ ነበር።»

«አይሄዱም።»

«እሄዳለሁ እንጂ። ተሰናብቼ።»

«እሱ መች ተሰናበተ? እኛ የሰማነው በጋዜጣ ነው።»

«እሱ እውነትሽን ነው» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

በሚቀጥለው ዓመት ያ ልጅ የሌላ ከተማ ልብስ ለብሶ ሲመጣና ሰዉ ሲጮህበት፣ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ይልማ ከውጭ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ ማነው? መዳፌን ደረቴ ላይ ማድረግ አልሆነልኝም፣ አውራ ጣቴንም ወደ ኋላ ማድረግ አልሆነልኝም። አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ ጋር አሸሁ፤ ገንዘብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ የእኔ ምልክት ሆነ። እኛም ብንሆን የገዛነው ሰው ሲመታ አሻለሁ። ጋሽ ይልማ ከካፊያው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የእኛ ነው። እኔ አሻለሁ። እሳቸው መዳፋቸውን አያነሱም። እንዲህ ተፋጠን ሳለን የሚቀጥለው መቺ ያልፈናል።

በመጨረሻው ዓመት መምህሬ ጠርታ አንድ ማመልከቻ ሰጠችኝ። የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው፤ የተመለሱ መጻሕፍትን በየመደርደሪያው መመለስ፣ ሙሉ ቀን፣ ከነኢንሹራንሱ። እዚያው ሞላሁት። ለጋሽ ይልማ አልነገርኳቸውም። ያላለቀ ነገር አይወራም፤ እርግዝና አይወራም፣ ቪዛ አይወራም፣ ሥራ አይወራም፣ ከአፍ ከወጣ ይበተናል ተብዬ ነው ያደግሁት። ቃለ መጠይቁን አለፍኩ፤ ገና ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደብዳቤ መጣ፤ አሻራ ይቀራል ብዬ ዝም አልኩ። አሻራው አለቀ፤ እስክፈርም አልኩ። አምስት ሳምንት ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ በመስታወቱ በኩል ጣት ሳነሳና ክንድ ሳጥፍ ከረምኩ። እኔ ስሄድ ማሽኑ እንደሚመጣም አውቅ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር ብል አሁን ማንም አይመረምረኝም።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር፣ የቀን ጨዋታ። በስምንተኛው ዙር ልነግራቸው መስኮቱን ከፈትኩ። አንድ ባቡር መጣ። ረጅም ነበር። እሱ እስኪያልፍ ሁለታችንም ፊት ለፊት ቆመን ጠበቅን፤ ሲያልፍ የእኔም ወኔ አብሮት አልፎ ነበር።

«ምን ልትዪ ነበር?»

«ምንም። ሁለት ሰው ወጥቷል።»

ከጨዋታው በኋላ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ክራቫታቸውን እያላሉ ቸኮሉ። «በይ፣ ሰኞ» አሉኝ። «ሰኞ» አልኳቸው። አርብ ለባለቤቱ ደወልኩለት። ሰኞ እኔ መጽሐፍ እደረድር ነበር።

ከወር በኋላ በአውቶቡስ ሳልፍ የመስታወቷ ቤት ተነስታ በቦታዋ ትንሽ ጣራ ያለው ማሽን ቆሞ አየሁ። አልወረድኩም። ሌላ መስመር ላይ የሚሄድ አውቶቡስ መያዝ ጀመርኩ፤ ወደ ስታዲየምም በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም። መጻሕፍቱን ሃያ ዓመት ደረደርኩ፣ የአንዱንም ቦታ አልሳትኩም፣ ጡረታ ወጣሁ። በየዓመቱ ገንዘብ ጠርቶት የሄደ ተጫዋች በጋዜጣ ሳይ ጣቶቼ ሳላዛቸው ይተሻሻሉ ነበር። ያ ምልክት ማንን እንደሚመለከት ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

እንግዲህ አዲሱ ሰውዬ ኳሷን አጥር ባሻገረበት ሳምንት፣ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ይዤ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንዲት ሽበት የጀመራት ሴት ትኩር ብላ አየችኝ። «እትዬ እመቤት? ሶስና ነኝ፣ የጋሽ ይልማ።» ያኔ አባቷን ከሥራ ልትወስድ ስትመጣ መኪናዋን መግቢያው ላይ ፓርክ እያደረገች እቆጣት ነበር።

«ጋሽ ይልማ...» አልኩና ቀረሁ። በዚህ ዕድሜ ጥያቄውን መጨረስ ያስፈራል።

«አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእኔ ጋር ነው፣ ኮሎምቢያ ሲቲ። ጆሮው ግን ሄዷል። ሂሪንግ ኤይዱ፣ የጆሮ መርጃው፣ ድራወር ውስጥ ነው፤ አላደርግም አለ። ሶ፣ የሚገርሞት ነገር፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር ሬዲዮኑን ኦን አድርጊልኝ ይላል።»

«ሳይሰሙ?»

«ሳይሰማ። ሬዲዮኑ ውስጥ፣ እሱ በረንዳ ላይ። በመስታወት እያየው ይቀመጣል። ምን እንደሚጠብቅ እንጃ።» ወረፋው ተንቀሳቀሰ። «ከእርስዎ ጋር ከሠራበት በኋላ ዳውንታውን ምድር ቤት ጋራዥ ነው የሠራው፣ ስድስት ዓመት። እዚያ ሬዲዮ አይዝም ነበር። ይምጡና ይዩት። ኮል ያድርጉልኝ።»

የተናገረችው ያለ ቂም ነው። ቂም ብትይዝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት፤ በሦስተኛው ረቡዕ፣ የቀን ጨዋታ በነበረበት ዕለት፣ በከተማው ባቡር ተሳፍሬ ወደ ሰፈራቸው ሄድኩ። ሶዶን ስናልፍ ዐይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አጥር፣ መጋዘን፣ እርጥብ አስፋልት። ሶስና በሩን ከፍታልኝ ወደ ሥራዋ ወጣች። ጋሽ ይልማ በረንዳው ላይ ባንድ ወንበር ተቀምጠዋል። አንሰዋል። ሹራባቸው ትልቅ ሆኖባቸዋል፤ ከሥሩ ግን ክራቫት አለ። ራሳቸው ላይ የቡድናችን አሮጌ ኮፍያ፣ ቀለሙ የለቀቀ።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «መጣሽ?» አሉ፣ የማይሰማ ሰው በሚናገርበት ከፍ ያለ ድምፅ። «ሊጀመር ነው።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«እ?»

ደገምኩት። እጃቸውን አጉብጠው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከታች በረንዳ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ቀና ብላ አየችን። ሃያ ዓመት በሹክሹክታ ያጠናሁትን ነገር ጮኼ ልለው አልቻልኩም። ከእጄ ምልክቶች መካከልም ለዚህ የሚሆን አልነበረም። እሳቸው በዝግታ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር አወጡ፤ ሰማያዊው ደብተር ነው። በእኔ ማስመሪያ የተሰመረ፣ በእኔና በእሳቸው ጽሕፈት ዙር በዙር የተቀያየረ። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ገለጥኩት። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ «ሰኞ» ተብሎ ተጽፏል። ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች ባጋደለ የእሳቸው ጽሕፈት አንድ ቃል ብቻ አለ። «ባቡር።»

እርሳሴን አወጣሁና ከግርጌው «ሳልሰናበትዎ ሄድኩ። ማሽኑንም ያመጣሁብዎ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አነበቡ።

«ማሽኑ ቀድሞ ታዞ ነበር» አሉ። «ባለቤቱ ነግሮኛል።»

እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። የሚነግረኝም ከእንግዲህ የለም።

«እኔን የከፋኝ ሰኞ ስላልሽኝ ነው። ሁለት ሻይ ገዝቼ ነበር። የአንቺን ክዳኑን ሳልከፍት አቆየሁት፣ እስከ ሰባተኛው ዙር።» ደብተሩን መለሱልኝ። «በይ ግቢ፤ ጀምረዋል።»

ገብቼ ሬዲዮው አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ የመስታወቱን በር ዘጋሁት። እጄ ረስቶ እንደሆነ ፈርቼ ነበር፤ አልረሳም። ክንድ አጠፍኩ። አንድ ጣት አነሳሁ። ጋሽ ይልማ በረንዳው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይከተሉኛል፤ ጣቴን ሳነሳ ትከሻቸው አብሮ ይነሳል። ከዚያ አዲሱ ሰውዬ መጣ። ሁለት ኳስ አሳለፈ፤ በሦስተኛው ያ የተፈለጠ እንጨት ድምፅ ተሰማ፣ ተናጋሪውም ድምፁን እያነሳ ሄደ። ኮፍያ የለኝም። ሻሼን ከራሴ ላይ አወለቅሁት።

ጋሽ ይልማ ተንቀሳቀሱ። ሽበቴን አዩ፣ ከዚያ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ማነው?

አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተገናኝተው ነበር፤ ማሸት ብቻ ነው የቀረው። እሳቸውም አይተውታል፤ እንደ ድሮው ሊከራከሩኝ እጃቸው ከወንበሩ ክንድ ላይ ተነሳ። ጣቶቼን ዘረጋሁና መዳፌን ደረቴ ላይ አደረግሁ። የእኛ ነው። የተነሳው እጃቸው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት አየር ላይ ቀረ፤ ቆይቶ ክራቫታቸውን አስተካከለ።

ሦስተኛው ሰው ሲወጣ ሁለት እጄን አሽከረከርኩ። ጋሽ ይልማ የበረንዳውን ብረት ይዘው ተነሱ፣ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ተራዬ ነው።»

«ጋሼ፣ እኮ አይሰሙም...»

ይህንንም አልሰሙም። ከወንበሩ ተነሳሁላቸው። ደብተሩን ይዤ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት፤ የእሳቸው ወንበር ገና ይሞቃል። ከመስታወቱ ማዶ ጋሽ ይልማ ሬዲዮው ላይ አንድ እጃቸውን አሳርፈው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ያዳምጣሉ። እኔ ያለሁበት ምንም አይሰማም። ለእሳቸውም ምንም አይሰማቸውም። ከ«ባቡር» ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጥኩ፤ ሳጥኖቹ ከሃያ ዓመት በፊት ተሰምረው ይጠብቃሉ።

አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ ጻፍኩ። ክንዳቸውን አጠፉ፤ ጻፍኩ። እንደገና አንድ ጣት። ከዚያ ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። አገጬን ቀና አደረግሁ፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እሱንም ጻፍኩ።